የጉልቤ ቀን

በእንስሳት ክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም። «የኩላሊቷ መጣች» ከተባለ፣ ድመቷ ኩላሊቷን የታመመችባት ዳቦ ጋጋሪ ናት። «የዓይኑ» ደግሞ ውሻው የታወረበት ጡረተኛ አስተማሪ ነው። ሰዎቹ በር ላይ ሲተያዩ ዓይናቸው ቀድሞ ወደ ታች፣ ወደ ማሰሪያው ጫፍ ይወርዳል። ማሰሪያውን የያዘውን ሰው ልብ ብሎ የሚያይ የለም።

የዚህ ክፍል አለቃ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ጉልቤ የሚባል ቡናማ ውሻዋን ይዛ ትመጣለች። ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ተራዋን ለሁሉም ትለቃለች። የሚያለቅስ ካለ ታቅፋለች፤ የሚያሾፍ ካለ ግን ወየውለት!

ሹፌሩ ያወቃት በዚሁ ጠባይዋ ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ አሮጊት ውሻው ጉበቷን ታማ ነበር። አንድ ሐሙስ የሚስቱ ወንድም አብሮት መጣና፣ «ለውሻ ብለህ ይህን ያህል ትንገላታለህ? ሌላ ቡችላ አምጥተህ አትገላገልም?» አለው።

ልብስ ሰፊዋ ከጥግ ብድግ አለች።

«አንተስ ስትታመም ሚስትህ ሌላ ባል አምጥታ ትገላገል?»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። የሚስቱ ወንድም ሁለተኛ እዚያ አልደረሰም።

ውሻይቱ የሞተች ዕለት የሹፌሩን እጅ የያዘችው እሷ ናት። እጇ በረዶ ነበር። «አልቅስ፤ ማን አባቱን ትፈራለህ?» አለችው። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰብስባ ቤቱ መጣች። በእነሱ ለቅሶ ሟች አይወደስም፤ እሷ ባወጣችው ደንብ የሟቹ ጥፋት ነው የሚወራው። «የሠርግ ጫማዬን በልታለች!» ብሎ ሹፌሩ ጀመረ። «የአለቃዬንም ሱሪ ቀዳለች፤ እሱስ ደግ አደረገች!» እየሳቁም እያለቀሱም አመሹ።

«ከእንግዲህ ውሻ ቤቴ አይገባም» አለ በመጨረሻ።

«እናያለን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሹፌሩ ውሻ ባይኖረውም ሐሙስን አልተወም። አሁን የሁሉም ጭንቀት ጉልቤ ነበር። ጤነኛ ውሻ ይዞ በየሳምንቱ ክሊኒክ የሚመላለስ የለማ! ምን እንደነካው ግን አትናገርም።

«እትዬ፣ ኧረ ንገሪን» ትላታለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«የኔን ተይውና፣ ያንቺ ድመት ውሃ ጠጣች?»

አስተማሪው የጉልቤን ከንፈር ገልጦ ድዱን ያያል። ዳቦ ጋጋሪዋ ሆዱን ትዳብሳለች። ምንም አላገኙም። «እንዲህ ያለው ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄደው» ተባባሉና ይበልጥ ፈሩ።

ልብስ ሰፊዋ እየከሳች ሄደች። የሰውን ልብስ በልክ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ የራሷ ቀሚስ ላይዋ ላይ ይዋልል ጀመር። «በሱ ሐሳብ እህል ትታለች» አለች ዳቦ ጋጋሪዋና ትኩስ ዳቦ አመጣችላት። ልብስ ሰፊዋ አመስግና ለጉልቤ ቆረሰችለት።

ሹፌሩ አንድ ቀን ደፈረ። «እህቴ፣ ሐኪም ተስፋ የለውም ካለ እኮ...»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ሐኪም ተስፋ የለውም አለ ብዬ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ሞቼ ነው! ገና ሥራ አለብኝ!»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላነሳባትም። ከክሊኒኩ ሲወጡ ማሰሪያውን ለሱ ትሰጠዋለች፤ «እጄ ዝሏል፣ አንተ ያዘው» እያለች። እሷ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ትላለች፣ እሱ ከጉልቤ ጋር ሜዳውን ይዞራል። ሲመለስ በጥያቄ ታጣድፈዋለች። ቤታችሁ ግቢ አለው ወይ? ቀን ቀን ማን ይኖራል? ሚስትህ ቁጡ ናት?

«የምትቆጣው እኔን ነው» ይላታል ሹፌሩ። «ውሻይቱንማ ቀና ብላ አይታት አታውቅም።»

ወሬ ጭንቀቷን የሚያስረሳት መስሎት የጠየቀችውን ሁሉ ይመልስላታል። ለራሱም ቃል ገብቷል፦ የጉልቤ ቀን የደረሰ ዕለት ይህች ሴት ብቻዋን አትሆንም። ያን ዕለት እጇን የሚይዘው እሱ ነው።

አንድ ሐሙስ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። ስልኳ አይነሳም። ሹፌሩ የእንስሳቱን ሐኪም ቢጠይቃት፣ «ቤቷ ብትሄዱ ይሻላል» ብላው ፊቷን አዞረች።

«ብቻዋን ቀበረችው!» ዳቦ ጋጋሪዋ ጮኸች።

«ለኛ ሳትነግር!» ሹፌሩ በገነ። «አልጠራችንም ብለን ልንቀር ነው? እንሄዳለን። ብታባርረን በመስኮት እንገባለን!»

«በኔ ዕድሜ በመስኮት?» አለ አስተማሪው፤ ግን ቀድሞ የተነሳው እሱ ነው።

መንገዱን ሙሉ የጉልቤን ጥፋት ሲያዋጡ ሄዱ። የዳቦ ጋጋሪዋን ከረጢት ዘርፏል። የአስተማሪውን መነጽር ሥሩ አድርጎ ተኝቶበታል። ሹፌሩን ሜዳ ለሜዳ ጎትቶ ጭቃ ላይ ደፍቶታል፣ ያውም በዩኒፎርሙ።

«ጋሼ፣ የመነጽሩን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፣ እሱ ያስቃታል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«እኔ እጀምራለሁ» አለ ሹፌሩ ደጃፏ ላይ ቆሞ። «እሷ ሳትስቅ የሚያለቅስ ሰው እንዳላይ!» የራሱን ዓይን በእጅጌው ጠረገና አንኳኳ።

በሩ ሲከፈት ጉልቤ ዘሎ ደረቱ ላይ ወጣ፤ ከኋላው ልብስ ሰፊዋን ቁርጥ የምትመስል፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች ሴት ማሰሪያውን እየዘረጋችለት፣ «ሹፌሩ አንተ ነህ አይደል?» አለችው።