ስሙ የተሸፈነው ጥናት

ዶክተሩን ተማሪዎቹ «ግጭት» ይሉታል። የሚያስተምረው ስለ ቅንጣቶች ግጭት ነው፤ ከሰው ጋርም ተስማምቶ አያውቅም።

ያን ሰሞን አንድ የፕሮፌሰርነት ቦታ ክፍት ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ እሱና ጎረቤት ቢሮ ያለው የሚስቱ ወንድም። በዘንድሮው የፋኩልቲ መጽሔት ላይ ጥናት ያላወጣ ከውድድሩ ውጭ ነው። ግጭት ያቺን ወንበር ሃያ ዓመት ጠብቋታል። አማቹ ተቀምጦባት ከሚያይ ሞቱን ይመርጣል።

ሰኞ ጠዋት ረዳቱ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው። የፈቃድ ቅጽ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ ጥያቄ፣ ሌላም ሌላም፤ ከሥር ደግሞ አንድ ወፈር ያለ ጥራዝ።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?»

«እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም። የመጨረሻውን እንኳን ቢያዩት ጥሩ ነበር፣ ዶክተር፤ ሦስት ወር የለፋሁልዎ ነው።»

«አንቺ ካየሽው ምን ቀረው!» ብሎ ቆሞ ፈረመና ወደ ክፍል ሮጠ።

ሐሙስ የመጽሔቱ ጸሐፊ የሚገመግመውን ጥናት አመጣችለት። የሚታደለው በዕጣ ነው። የአቅራቢውን ስም መዝገብ ቤት በፕላስተር ስለሚሸፍነው እሷም አታየውም።

«የራስዎ ከደረሰዎት ይመልሱልኝ» አለች እንደ ልማዷ።

«የራሴን ልጅ ላላውቀው ነው?» ብሎ ሳቀ።

በሩን ዘግቶ አነበበ። ፕሮቶን ላይ ቅንጣቶች ይተኮሳሉ፤ ወዴት ወዴት እንደተበተኑ ይለካል፤ ከዚያ ተነስቶ የፕሮቶኗን ውስጥ ጨምድዶ የያዘው ኃይል ይሰላል። ስሌቱ ጥርት ያለ ነው። ይህ ከታተመ ወንበሯ ከእጁ ወጣች።

የማን ይሆን? የማይታየውን ከተበተነው መገመት ሙያው ነውና እንደ ሙያው ገመተ። እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ማስላት የሚችል ከእሱ ሌላ አማቹ ብቻ ነው። ደግሞ ጥናቱ የግጭትን የድሮ ሥራዎች ሰባት ጊዜ ይጠቅሳል።

«ሊያባብለኝ!» አለ ብቻውን።

ብዕሩን አነሳ። «ስሌቱ የላላ፣ ሐሳቡ ያረጀ። አቅራቢው ጥናቱን አንዴ እንኳን ያነበበው አይመስልም። አይታተም።»

እሑድ ምሳ ላይ አማቹ ሲስቅ ሲጫወት አየውና ትንሽ ሆዱ ባባ።

«አይዞህ» አለው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። «ለከርሞ ትደርሳለህ።»

«ምን ሆኜ?» አለ አማቹ እየጎረሰ።

ሚስቱ ሁለቱንም አየቻቸው። ባሏ ሰው ሲያጽናና አይታ አታውቅም።

ማክሰኞ ግጭት የመጽሔቱ ቢሮ ጎራ አለ። የአማቹን ስም በዓይኑ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።

«አንድ ገምጋሚ እምቢ ካለ አለቀ» አለች ጸሐፊዋ። «የዘንድሮው መጽሔት ተዘግቷል። ይህን ለባለቤቱ መመለስ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«እስቲ ፕላስተሩን አንሺው» አለ፤ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶታል።

ላጠችው፤ ስሙን አነበበች፤ ቀና ብላ አየችውና ወረቀቱን ከነብዕሩ ዘረጋችለት።

«መረከብዎን እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»