ከሣጥኑ ሥር የወጣው አቡጀዴ

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነገ ብርዳማው አምባራስ ሄዳ እንድታስተምር የተመደበችው አገርነሽ፣ ደባርቅ በሚገኘው ቤታቸው ወለል ላይ የተሰጣትን የመኝታ ከረጢት ዘረጋችው። ውስጡ ሻካራ ነበር፤ የሌላ ሰው ላብም ይሸታል። እናቷ እማማ ይታይሽ ንጹሕ ገበር ሊያበጁለት ፈለጉ። ነጠላ ቢሞክሩ ሳሳባቸው፤ ጋቢው ደግሞ ወፍሮ ልጅቷን አላስገባ አለ። ጥቂት አሰቡና ከሣጥናቸው ሥር ያልተነካ አቡጀዴ አወጡ። ለሁለት አጥፈው ጎንና ጎኑን፣ ግርጌውንም ሰፉትና ከረጢቱ ውስጥ አስገቡት።

አገርነሽ ገብታ እስከ አገጯ ተሸፈነች። ወዲያው ሞቃት፤ አሁን የሚሸታት የእናቷ ሣጥን ጠረን ነበር።

“ተመቸሽ?” አሏት።

“በጣም። ግን እማዬ፣ ከቀበሌው ሱቅ ጨርቅ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፤ ይህን ከየት አገኘሽው?”

እናቷ መርፌውን ቀሚሳቸው ላይ ሰኩ። “ለመገነዣዬ ያስቀመጥኩት ነው” አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ደንግጣ ልትወጣ ስትል ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስተኟት።

“ተይ፣ ተኚ። እኔ ለመሞት አልቸኩልም። አንቺን ግን ብርዱ ነገ ነው የሚያገኝሽ።”

አገርነሽ ክንዷን አውጥታ እጃቸውን ሳብ አደረገቻቸው። እማማ ይታይሽም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወለሉ ላይ፣ አጠገቧ ጋደም አሉ።