የአንገት መስመር

የሞሱል ከተማው ሰዓሊ ዙሃይር የገዛ ሥዕሎቹን አንገት ሲቆርጥ ዋለ። የተረት መጽሐፉን ያዘዘው ዳኛ፣ “ነፍስ ያለው ሥዕል ቤቴ አይገባም፤ የታረደ እንዲመስል በያንዳንዱ ሰው ጉሮሮ ላይ ጥቁር መስመር አስምርበት” ብሎ መጽሐፉን መልሶለታል።

ዙሃይር ሲያጎነብስ ውሎ ወገቡ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ዓይኑም ፈዟል።

“ቶሎ በላ አንተ ሰውዬ፣ የዳኛው አሽከር መምጫው ደረሰ!” አለችው ሚስቱ ሉብና፣ ቀለም እየፈጨች።

“እጄ ዛለ እኮ። ስንት ወር የለፋሁባቸውን ሰዎች ሳርድ ዋልኩ።”

“ወረቀት ናቸው፤ አይጮሁብህም።”

ዙሃይር በረጅሙ ተንፍሶ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። የገበያውን ሕዝብ የሣለበት ነው፤ አንዱ ቴምር ሲመዝን፣ አንዱ በግ ሲጎትት፣ አንዷ ሕፃን ታቅፋ። ብዕሩን ነክሮ አጎነበሰ፤ ግን መስመሩን የሚያሰምርበት ቦታ አጣ።

“ሉብና፣ እስቲ ነይ።”

መጥታ በትከሻው በኩል አየች። “ምነው ሁሉንም አንገታቸውን አስያዝካቸው? ትናንት እንዲህ አልነበሩም።”

ነጋዴው ሚዛኑን፣ እረኛው ገመዱን ጥለው ጉሮሯቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነዋል። የራሷን አንገት ያልሸፈነችው እናትዬዋ ብቻ ነበረች፤ ሁለቱም እጆቿ የልጇ አንገት ላይ ነበሩ።