አምስት ቀን፣ ሠላሳ ስምንት ቀን

«አሁን!» አለች ወርቅውሃ። ሀዲስና ዓወል የሁለቱን ኮምፒውተሮች ቁልፍ እኩል ተጫኑ። እሷ ሰዓቷን ያዘች፤ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የልብ ምት የምትቆጥርበትን፣ ደረቷ ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሽ ሰዓት።

ትልቁ፣ ከሳሎኑ ጥግ ተነሥቶ የማያውቀው የባሏ የሀዲስ ዴስክቶፕ ነው። ትንሹን ላፕቶፕ ደግሞ ዓወል ከሚሠራበት፣ ዮርድብሩ ሰፈር ካለው የኮምፒውተር መጋዘን አለቃውን ለምኖ ተውሶ ነው ያመጣው። ሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ተለጥፏል፤ 486።

«ፕሮሰሰራቸው አንድ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ነበር ዓወል ገና በር ላይ ጫማውን እያወለቀ። «ነገ ሆስፒታል ይዘውት ይገባሉ። አልጋዎ ላይ ሆነው ይጨርሱታል።»

የሚጨርሰው የወሎን ዝናብ ነው። ሀዲስ የአየር ጠባይ ለማጥናት ስቶክሆልም መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ክረምቱ ሊቀር ሲል በልጉ ላይ የሚያሳየውን ምልክት ለማግኘት፣ ከየጣቢያው የተላከለትን የሠላሳ ዓመት ልኬት ቁጥር በቁጥር ሲያስገባ ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። አሁን የቀሩት አሥር ጣቢያዎች ናቸው። አንዱ ዓመት ተሰልቶ ሲያልቅ ውጤቱን በዓይኑ አይቶ፣ አንድ ሁለት ቁጥር አርሞ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው።

ዴስክቶፑ የአንዱን ዓመት ስሌት ጨርሶ ጮኸ። «አራት ደቂቃ» አለች ወርቅውሃ።

ላፕቶፑ ገና አሥራ ሦስት በመቶ ላይ ነበር።

ዓወል ተቁነጠነጠ። «ባትሪ እየቆጠበ ይሆናል» ብሎ ገመዱን ሰካው። ምንም አልተለወጠም። ሀዲስ ከሶፋው ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ ላፕቶፑን በጥንቃቄ ወደ ራሱ አዘነበለና ከሥሩ የተጻፈውን አነበበ።

«ኤስ ኤክስ ነው። የኔው ዲ ኤክስ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፊደሉ ይለያል።»

«ፊደሉ ምን ያደርጋል?» አለ ዓወል።

«አስርዮሽ የሚያሰላው ክፍል እዚህኛው ውስጥ የለም። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይጎድልበትም። የኔ ሥራ ግን ሁሉም አስርዮሽ ነው።»

«ዲ ኤክስ ያለው ላፕቶፕም ይመጣል፣ ጋሼ! በሚቀጥለው ወር ይገባል ብለውናል።»

«በሚቀጥለው ወር» አለ ሀዲስ ቀስ ብሎ።

ዓወል አንገቱን ደፋ። ወርቅውሃ ላፕቶፑን ልትዘጋው ስትል ሀዲስ ከለከላት። «ይጨርስ። ልኩን እንወቀው።»

ጠበቁ። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ የሰገነቱን በረዶ እያቀለጠው ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። ዓወል «የትኛው ዓመት ነው የሚሰላው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሰባ ስድስት። ባቲ።»

ዓወል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እናቱን የቀበረው በተከታዩ ዓመት፣ ከባቲ የእርዳታ መጠለያ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስሌቱ እስኪያልቅ ዓይኑን ከመስኮቱ ላይ አልነቀለም።

«ሠላሳ ደቂቃ» አለች ወርቅውሃ በመጨረሻ።

ሀዲስ እርሳስና ወረቀት ጠየቀ። አሥር ጣቢያ በሠላሳ ዓመት፣ ሦስት መቶ ስሌት። መድኃኒቱ ሕመሙን የሚያስታግስለት፣ ቀና ብሎ መቀመጥ የሚችለው፣ በቀን አራት ሰዓት ነው። አባዛ፣ አካፈለ፤ ሁለት ቁጥር ጽፎ ወረቀቱን ለሚስቱ ሰጣት። በትልቁ አምስት ቀን። በትንሹ ሠላሳ ስምንት።

«ትልቁን ይዘንልህ እንገባለን» አለች።

«ጠይቀሽ የለ? ለሦስት ሰው የሚሆን ክፍል ነው፤ ቦታ የለም አሉሽ።»

«እንግዲያው እኔ እዚህ ቁጭ እላለሁ። በስልክ ቁጥሩን ትነግረኛለህ፣ እኔ አስገባዋለሁ።»

«የውጤቱን መስመር በዓይኔ ካላየሁት ምን ብዬ እነግርሻለሁ፣ ወርቄ?»

ሐኪሟ ሰኞ ዕለት በስዊድንኛ የነገረቻቸውን ነገር እስካሁን አንዳቸውም በአማርኛ አላነሡትም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፒጃማ፣ ስለ መላጫ፣ ስለ ቱነልባናው ባቡር ሰዓት ነበር ያወሩት። ወርቅውሃ ሻንጣውን እንኳ አዘጋጅታ በር ላይ አስቀምጣዋለች።

«ሐኪሟ የሰጠችኝ አራት ሳምንት ሃያ ስምንት ቀን ነው» አለ ሀዲስ።

ዓወል ተነሥቶ ወደ ማድቤት ገባ። ቧንቧው ሲከፈት ተሰማ።

«እዚያ ከሆንክ እኮ ይንከባከቡሃል» አለች። «እዚህ ሕመሙ ቢነሣብህስ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሀዲስ።»

«ሃያ ዓመት የሰው ልጅ ስታስታምሚ ኖረሽ የለም እንዴ?»

«እነሱ ባሎቼ አልነበሩም!»

እጇን ያዘው።  በመጨረሻ እጇን ከእጁ አውጥታ ወደ ስልኩ ሄዳ ሆስፒታሉ ደወለች። በስዊድንኛ ስሙን ነገረች፣ የተወለደበትን ቀን ነገረች። «አይ፣ ነገ አንመጣም» አለች። «አይ፣ ሌላ ቀጠሮ አንፈልግም። ወደ ቤት የምትመጣ ነርስ ካለች ላኩልን።» ከወዲያ በኩል ያለችው ሴት ምን እንዳለቻት አልሰማችም፤ አመስግና ዘጋች።

ከዚያ እሷና ዓወል ወደ መኝታ ቤት ገብተው አልጋውን አነሡት። በሩ ስላላሳለፈው በጎኑ አዙረው፣ ትከሻቸውን ሰጥተው፣ እየተጋገዙ ሳሎን ድረስ ወሰዱትና ከዴስክቶፑ ጠረጴዛ ጋር አስጠጉት። ዓወል ሀዲስን ከሶፋው አንሥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠውና ትራሶቹን ከጀርባው ደርድሮ ደገፈው። ሀዲስ ወዲያው መነጽሩን አጠለቀ።

ወርቅውሃ አንሶላ ለማምጣት ተመለሰች። መኝታ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሰፍቷል። ምንጣፉ ላይ የአልጋው እግሮች ለዓመታት ተጭነው የሠሩት አራት ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። ተንበርክካ አንዱን በመዳፏ አሸችው፤ የምንጣፉ ጸጉር ቀና እንዲል አሸችው፣ ደጋግማ አሸችው። ቀና አላለም። ከሳሎን የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል።