ሁለት ክዳኖች

ለሁለት ሕሙማን ዓይን ሴል ካደገባቸው ሁለት ሳህኖች አንደኛው አረንጓዴ በራ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል በረጅሙ ተነፈሰች። ስድስት ወር ለፍተው እዚያው ያመረቱት አረንጓዴ የሚያበራ አንቲቦዲ ሠርቷል፤ ወደ ዓይን ሴልነት ሳይለወጡ የቀሩትን ስቴም ሴሎች ላያቸው ላይ ባለው ፕሮቲን ለይቶ ይዟቸዋል። እነዚህ ሰው ዓይን ውስጥ ከገቡ ዕጢ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ሳህን ጭልም ያለ ነበር፤ ንጹሕ። ነገ ሴሉ ዓይኑ ውስጥ የሚተከልለት የዚህኛው ሳህን ባለቤት ብቻ ነው።

“እሰይ፣ አበጀሽ!” አሉ አለቃዋ ስልኩን አንስተው። “የበራው የማን ነው? የትንሿ ልጅ ነው የአዛውንቱ? ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው።”

ስሙን ልታነብ ሳህኑን ከፍ አድርጋ ከሥሩ አየችው። ምንም አልተጻፈበትም። ጠዋት ስትጣደፍ የጻፈችው ክዳኖቹ ላይ ነበር፤ ትርፉን አንቲቦዲ ከሳህኖቹ ልታጥብ ግን ሁለቱንም ክዳኖች አንስታ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው ነበር።

“ንገሪኝ እንጂ፣ የማን ነው?” አሉ አለቃዋ።

“ልጅቷ” የሚለውን ክዳን አንስታ ጨለማው ሳህን ላይ ገጠመችው። ልክክ አለ። አነሳችውና የበራው ላይ ሞከረችው።

እሱም ላይ ልክክ አለ።