የታቀፈችው ዳክዬ

አንደኛው አውራ ዳክዬ እንቁላል የታቀፈችውን ዳክዬ አንገቷን ነክሶ ጎትቶ ከሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ይደፍቃታል፤ ሌላው ጎጆዋ ላይ ወጥቶ እንቁላሎቿን ይረግጣል። ፈዲላ ቄጠማውን እየጣሰች ስትደርስ ከአሥራ አንዱ አራቱ ፈሰው ነበር። ጎጆው ላይ ያለውን በክንፉ ጎትታ አወረደችውና በጉልበቷ ተጫነችው። እጇን እስኪደማ ነከሳት።

«እሰሪውና ኢስሃቅ ከዓሣው ሲመለስ ይረደው» አለቻት ጎረቤቷ ለተብርሃን፣ ከዳር ቆማ። «ሴት ታርዳለች እንዴ፣ እቴ?»

«ትናንትም አስሬው ነበር። ገመዱን በጥሶ ነው የመጣው።»

ፈዲላ ዶሮ እንኳ አርዳ አታውቅም፤ ባሏ ኢስሃቅ ከሌለ መንገደኛ ወንድ ትለምን ነበር። አሁን ግን ዓሣ የምትበልትበትን ቢላዋ ከመቀነቷ መዘዘች። «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ብላ አንገቱን ቆረጠችው። ደሙ ፊቷ ላይ ተረጨ።

ለተብርሃን አማተበች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባችና ሁለተኛውን አውራ ከዳክዬዋ ጀርባ ላይ ነጥቃ፣ በሁለት እጇ አንቃ አመጣችው። ዳክዬዋ እየተንገዳገደች በሴቶቹ መካከል አለፈችና የቀሩትን ሰባት እንቁላሎች ታቀፈች።

«በይ» አለች ለተብርሃን፣ የሚፈራገጠውን አውራ ወደ ፈዲላ እያቀረበች፣ «ቢላዋሽ ሳይደርቅ ይኼንንም።»