ፈሀድ በመጀመሪያው ገጽ ላይ

ፈሀድ የጠፋው በታኅሣሥ 2008፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ቡራዩን ባናወጠበት ሰሞን ነው። ቡራዩ የሄደውም በራሱ ጉዳይ አልነበረም። ሰበታ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነውና ድረ ገጽ የሚሠራው ጓደኛው ወንዳፍራሽ፣ አንድ ላፕቶፕ ለደንበኛ ማድረስ ነበረበት። መንገዱ አስፈራውና «አንተ ብትሄድልኝስ?» አለው። ፈሀድ እምቢ ማለት አያውቅም።

በዚያው ቀረ። ላፕቶፑ ግን ለባለቤቱ ደርሶ ነበር። ወንዳፍራሽን የበላውም ይኸው ነው፤ ዕቃው ደርሶ ሰውየው አልተመለሰም።

የፈሀድ እህት ራዲያ ሆስፒታሉንም ፖሊስ ጣቢያውንም አዳረሰች። «እኛ ጋ የለም» አሏት። አንዱ ፖሊስ እንዲያውም «ከመጣ ንገሪን» ብሎ ስልክ ሰጣት። ሰው አይጥፋ አለች።

ወንዳፍራሽ ዓይኗን ማየት ሲያቅተው «ድረ ገጽ እሠራለታለሁ» አላት። የፈሀድን ፎቶ፣ ስሙንና የእሷን ስልክ አስገባ። መጨረሻ ላይ፣ በቴሌቪዥን እንደሚባለው፣ «ያየ ሰው በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ያሳውቅ» ብሎ ዘጋው። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ከዚህ ሌላ መዝጊያ የለውም።

ነገሩን ያልወደዱት አባትየው፣ አቶ ሱሩር ብቻ ናቸው። ገበያው አጠገብ የምንጣፍ ሱቅ አላቸው።

«ይቅር ልጄ» አሉት ወንዳፍራሽን። «አላህ ያውቃል። ሆድ ይፍጀው።»

«ጋሽ ሱሩር፣ ሰው ካላየው እንዴት ይገኛል?»

«እስካሁን ስንት ሰው አየው?»

ወንዳፍራሽ አፈረ። «ማንም። ጎግል ላይ ‹የጠፋ ሰው› ተብሎ ሲፈለግ ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው የሚመጣው። እዚያ ድረስ የሚሄድ የለም።»

የአቶ ሱሩር ፊት ፈታ አለ። ወንዳፍራሽ አየው፤ አልወደደውም።

ለራዲያ ሲነግራት እሷም የያዘችውን አወጣች። «አባዬ እሁድ እሁድ ዱከም ይሄዳል። ዕቃ ላመጣ ነው ይላል፤ ባዶ መኪና ይዞ ይመለሳል። ባለፈው ደግሞ አዲስ ብርድ ልብስ ጭኖ ሄደ። ቤት ተከራይቷል ሲሉም ሰምቻለሁ።»

«ለማን?»

«እናቴ ከሞተች ቆየች። ለማን ይሆናል?» አለች። «ልጁ ጠፍቶ እሱ ይሞሸራል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ወንዴ። እንባው የታለ?»

ከዚያ ወዲያ ፍለጋው የሁለቱ ብቻ ሆነ። ወንዳፍራሽ መጀመሪያ አቋራጩን ሞከረ። ባገኘው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ሁሉ እየገባ የፈሀድን ሊንክ በተነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ገጹ ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ።

«ይኼ ሁሉ ሊንክ እያለው?» አለች ራዲያ።

«ጎግል ሴት ልጁን ለጋብቻ እንደሚጠየቅ ቤተሰብ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ስንት ሰው መጣ አይሉም፤ ማን መጣ ነው የሚሉት። እኔ የላክሁት መንገደኛ ነው። ስም ያለው፣ ሌሎች ስም ያላቸው የሚጠቁሙት ድረ ገጽ ወደ ፈሀድ ቢጠቁም ግን ያምነዋል።»

እንዲህ ያለው ሽማግሌ ሱሉልታ ተገኘ። ኦቦ አበራ የሚባሉ አሠልጣኝ የሯጮች ክለብ አላቸው፤ የክለቡን ድረ ገጽ የሠራው ወንዳፍራሽ ነው። ድረ ገጿ ትንሽ ናት፤ በሯጮቹ የተነሳ ግን የውጭ ጋዜጦችና የአትሌቲክስ ማኅበራት ሳይቀሩ ሊንኳን ያስቀምጣሉ። በጥር ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ግርግሩ ግን አልቀረም። መንገድ የተከፈተ ዕለት ሁለቱም ሱሉልታ ወጡ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አበራ?» አለ ወንዳፍራሽ።

«ፈያ፣ ፈያ። ግቡ ልጆቼ።»

ራዲያ ፎቶውን ሰጠቻቸው። ኦቦ አበራ ከፎቶው ቀና ብለው አዩዋት። «ፖለቲካ አለበት እንዴ?»

«የለበትም፤ እሱ ዕቃ ሊያደርስ ተልኮ ነው የሄደው። ወንድሜ ነው።»

ተልኮ ሲባል ወንዳፍራሽ አንገቱን ደፋ።

«በቃ፣ የፊት ገጹ ላይ አድርጉት» አሉ ኦቦ አበራ። «ከሯጮቹም በላይ።»

ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ጠራ። ክለቡን የሚከታተል አንድ ጋዜጣ የፈሀድን ገጽ ጠቆመ፤ ጋዜጣውን ያየ አንድ ኮሌጅም ጨመረ። ገጹ በየሳምንቱ ወደ ላይ ተሳበ። አንድ ዓርብ ጠዋት ራዲያ «የጠፋ ሰው» ብላ ስትጽፍ ከሁሉ በላይ የወንድሟ ፊት ወጣላት። አለቀሰች። ወንዳፍራሽ ጥፋቱ ትንሽ የቀለለት መሰለው፤ የዚያን ቀን ምሳውን በደንብ በላ።

«አሁን አንድ ሰው ያየዋል» አላት።

እሁድ ከሰዓት አቶ ሱሩር ከዱከም በቀጥታ ወደ ወንዳፍራሽ ሱቅ መጡ። ራዲያ እዚያ ነበረች፤ ከወንበሯ አልተነሳችላቸውም።

«አባዬ፣ አንደኛ ወጣ» አለች፣ ልታሳፍራቸው ብላ። «አንተ ይቅር ያልከው።»

አቶ ሱሩር ስክሪኑ ላይ ያለውን የልጃቸውን ፎቶ ቆመው አዩት። ሲናገሩ ቁጣ አልነበራቸውም።

«ፈሀድን በቡራዩ ግርግር ከሚፈልጉት ፖሊሶች ልደብቅበት ዱከም ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ደግ ናት፤ ይኼን አይታ ‹እኔ ቤት ያለውን ልጅ ቤተሰቦቹ እየፈለጉት ነው› ብላ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ነገረቻቸው፤ እኔ ስደርስ ወስደውታል።»